ጉሮሮ የሚያልፍበት ቀዳዳ

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ
ቤተ ሙከራ ውስጥ የሸርጣን አንጎል ስከትፍ፣ ለማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ ስለጥፍ ዋልኩ። ወገቤ የእኔ አይደለም። ከሥራ ስወጣ ወላጆቼ ቤት ጎራ አልኩ። አባዬ ድንጋዩን ጭኑ ላይ አድርጎ... ጡረታ ወጥቶም አልተላቀቁም።

ድንጋዩ ቅሪተ አካል ነው፤ ላዩ ላይ የታተመችው ባለ ብዙ እግር እንስሳ የሸረሪቱም የሸርጣኑም የሩቅ ቅድመ አያት ናት። ጭንቅላቷ ውስጥ ጥቁር እድፍ አለ። አባዬ አንጎል ነው ይላል። ያኔም እንደ ዛሬው ሦስት ክፍል ነበረው፤ አንዱ ለዐይን፣ አንዱ ለአንቴና፣ አንዱ ለአፍ። ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው ይህንን ነው። በቦታው የተተካው አለቃዬ፣ መነጽራሙ ደግሞ፣ "ሥጋው ሲበሰብስ የቀረ እድፍ ነው" ባይ ነው። እኔ መሃል ሰፋሪ።

ኅዳር 7፣ ዓርብ
መነጽራሙ፣ "ድንጋዩ ይቆረጥና ይለይለት" አለኝ። እውነቱን ነው። የነዚህ እንስሳት አንጎል ጉሮሯቸውን እንደ ቀለበት ይከባል። የዋጡት ሁሉ በአንጎላቸው መሃል ያልፋል። እድፉ መሃል ቀዳዳ ካለ አንጎል ነው። ከሌለስ?

ለአባዬ ነገርኩት። "እንዲህ ያለ ሌላ ድንጋይ የለም። እኔን ቁረጡኝ" አለ።

"አንተማ ድንጋይ አግብተህ ነው የኖርከው" አለችው እማዬ። ድንጋዩን በእጅጌው ጠረገ።

ኅዳር 8
ደክሞኛል። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ኅዳር 21፣ ዓርብ
አባዬን ደክሞት ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠራኝ። የአባዬ ልብ... ብዙ አይቆይም። ምን ብዬ ልንገረው? ገና ወደ እሱ ስመለስ፣ "ተይው፣ ፊትሽ ነግሮኛል" አለኝ። ቆይቶ፣ "ሳላውቅማ አልሞትም። ቁረጪው።"

ኅዳር 25፣ ማክሰኞ
ቆረጥኩት። አባዬ አጠገቤ ተቀምጧል። ዐይኑ ለማይክሮስኮፕ አይሆንም፣ ከደከመ ቆየ። አጎንብሼ አየሁ። እድፉ ከዳር እስከ ዳር ድፍን ነው።

"ቀዳዳው አለ?"

"አለ፣ አባዬ።"

ወደ ፊቴ ዞረ። ከዚያ፣ "ውሸት አላስተማርኩሽም" አለኝ ቀስ ብሎ። አፈርኩ።

"የለም" አልኩት።

ቤት እንደገባን ለመነጽራሙ ደወለ። "ልክ ነበርክ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።" ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። እማዬም አልሰማችም ኖሯል፤ ከማድ ቤት ብቅ አለች።

"ለእኔ አንድ ቀን እንኳ ያላልከውን?"

"ላንቺማ ከየቱ ልጀምር?" አለ አባዬ። ሊስቅ ፈልጎ ሳል ያዘው።

እማዬ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ አጠገቡ ተቀመጠች። "ጀምር፣ ጊዜ አለኝ" አለችው።

እኔ መኝታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።