አምስት ጊዜ ለምን

ይድረስ ለወንድሜ ለገነነ። አዳማ እንዴት ይዛሃለች? እኛ ቡሬዎቹ ከነላሞቻችን ደኅና ነን።

መኖ ፋብሪካችን የአደጋን ሥረ ምክንያት መመርመር ተማሩ ብሎ ፍኖተ ሰላም ለሥልጠና ላከን። አሠልጣኙ አምስት ጊዜ «ለምን» በሉ አለን። ለመለማመጃ የባልደረባችንን የታከለን ሞት አነሣን። ለምን ሞተ? መፍጫው ውስጥ ገብቶ ሲያጸዳ ማሽኑ ተነሣ። ለምን ተነሣ? ማብሪያው መቆለፊያ አልነበረውም። ለምን? አለቃችን «ሥራ ያጓትታል» ብሎ አስነቅሎታል።

አለቃው ፊት ወንበር ላይ ነበርና ሁሉም ደብተሩ ላይ አቀረቀረ። ያገራችን ሰው ደግሞ ጥፋተኛ የሚለይበት አውጫጭኝ የተቀመጠ መሰለው፤ «ይልቅ አዝራሩን ማን ተጫነው?» አለ። አሠልጣኙ «ሰው ሳይሆን ምክንያት ፈልጉ!» ቢል ማን ሰምቶት! «አብራ» ያለህ አለቃው መሆኑንም የተናገረ የለም። የሌለ ሰው አይከራከርም። ጽሑፍሽ ያምራል ተብዬ ሰሌዳው ላይ የምጽፈው እኔ ነበርሁ፤ ስምህን አሳምሬ ጻፍሁት። አጨበጨቡ። ሰርተፊኬቴን እማዬ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች።

ሚኒባሱን ይነዳልን የነበረው የታከለ ወንድም አስናቀው ነው። እስከዚያ ቀን ስም የነገረው አልነበረም። ከበሩ ቆሞ ሰሌዳውን ረጋ ብሎ አነበበና አመሰገነኝ። የዓመት ተዝካሩ ካለፈ ወዲህ እንኳ ጢሙን አልተላጨም፤ ብቻ ጨዋ ነው። እሑድ መጥቶ እማዬን ስሞ አድራሻህን ጠየቃት፤ ደስ ብሏት እስከ በርህ ቀለም ነገረችው።

ስልክህ አልገባ ስላለኝ ይህን በመንገደኛ እጅ ላክሁት። ለፋሲካ አትምጣ፤ መንገዱ አቧራ ነው። ቤትም ብትቀይር ምናለ?

እማዬ አገላብጣ ትስምሃለች። አስናቀውም ትናንት «አዳማ ሥራ አገኘሁ» ብሎ ሲሳፈር ሰላም በይልኝ ብሎኛል፤ ግን እሱ ከደብዳቤው ሳይቀድም አይቀርም።

እህትህ ሠርክአዲስ