ደርቤን ያሳወረው ያንቺ ሥራ አይደለም

ለልጄ ለአልጣሽ ክንዴ፤

ሰላምታው ይቆየኝና አስቀድሜ በደሌን ልንገርሽ። የገብስ ነጋዴውን የደርቤን ዓይን ያጠፋው አረቄ ምን እንደተጨመረበት ከማንም በፊት አውቅ ነበር፤ አውቄም ዝም አልሁ። በስልክ ልነግርሽ እያልሁ ድምፅሽን ስሰማ አፌ ይያዛል። ስለዚህ ጻፍሁ።

አሁን እንደምን አለሽ ልጄ? የዚያ አገር ብርድ እንዴት ይዞሻል? ሳልሽስ ለቀቀሽ? ከቤተ ሙከራው ስትወጪ እህል ትቀምሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ በሻይ ነው የምትውይው? እኔ እናትሽ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ቢሰፋኝም፣ ጉልበቴ ቁልቁለት ላይ ቢለግምም፣ ኪዳነምሕረት ትመስገን ደኅና ነኝ። መጋዜንም አልጣልሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ክረምት የቁም ሣጥን ቀለም ማቅጠኛ ልገዛ ዘመነ ሱቅ ገባሁ። ዘመነን ታውቂዋለሽ፤ የጽዋ ማኅበራችን መሪ፣ ሙሴያችን ነው፣ ለእናትሽ ቀብርም ድንኳን ያስተከለልን እሱ ነው። ወደ ጓዳው ብቅ ስል ከማቅጠኛው ጀሪካን ወደ አረቄው ጀሪካን ሲገለብጥ አየሁት። ማቅጠኛው ላይ የተጻፈው አንቺ ስለ ሥራሽ ስታወሪ የምትጠሪው ስም ነው፤ ሜታኖል። ምን እያደረግህ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ማጠንከሪያ ነው አያ ክንዴ፤ ጠጪው ጠንከር ያለ ይወዳል» ብሎ ሳቀ። እኔም ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ። በሳምንቱ ደርቤ ከደረስጌ ገብስ ጭኖ መጥቶ የዘመነን አረቄ የሚሸጡ ሁለት ሦስት ቤቶች ዞሮ ጠጣ። ሲነጋ ለእሱ አልነጋለትም።

ሰው ምች ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው ሲል ከረመ። ሰሞኑን ግን ጎንደር ያየው ሐኪም ሜታኖል ነው ማለቱ ተሰማ። በጥር ኪዳነምሕረት ማኅበር ላይ ዘመነ ጽዋውን እንደያዘ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይኼማ የአያ ክንዴ ልጅ ፈረንጅ አገር የምታጠምቀው መርዝ ነው፤ ከዚያ ሳይላክ አይቀርም።» ሳቁ። አጠገቤ የነበረው ሰው ፈቀቅ አለብኝ። አንቺ በላክሽው ገንዘብ የእናትሽን ዝክር አወጣለሁ ብዬ ነበር፤ እሱም መርዝ የነካው እጅ ጽዋችን ውስጥ አይገባም ተባለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

አንቺ ሜታኖል የምትነኪው ሰው እንዲጠጣው ነው? ያስረዳሽኝን መች ረሳሁት። የምትሠሩት ሜታኖልን ያለ ነበልባል አቃጥሎ መብራት የሚያወጣ ሣጥን ነው። ሥራውን የሚያፋጥነው ፕላቲነም ነው፤ እንደ ሽማግሌ መሐል ገብቶ ያገናኛል፣ ራሱ ግን ሳይጎድል ይነሣል። ብርቅ ስለሆነ ዓይን የማያየው ትቢያ አድርጋችሁ በከሰል ዱቄት ላይ ትበትኑታላችሁ። ችግሩ፣ ሜታኖሉ ግማሽ መንገድ ብቻ ሲቃጠል ያ በዝግ ቤት ሰው የሚገድለው የከሰል ጢስ መርዝ ፕላቲነሙ ላይ ተለጥፎ ሥራ ያስፈታዋል። የምትደክሚው ሌላ ማዕድን ከጎኑ አስቀምጠሽ፣ ያ ጎረቤቱ ከውሃው ኦክስጅን ወስዶ የተለጠፈውን እንዲያነሣለት ነው። ሲሳካ የመካነ ብርሃን ጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ ናፍጣ በጠፋ ቁጥር አይቆምም ብለሽኝ ነበር። ይኼን ነው መርዝ ማጥመቅ የሚሉት!

ይህን ሁሉ እያወቅሁ እዚያ ተቀምጬ አንድ ቃል አልወጣኝም። ቤቴ ገብቼ ውዳሴ ማርያም ስደግም ግን ልቤ ጠየቀኝ፤ አንተስ ብሎ። የድንኳን ውለታ አፌ ላይ ተለጥፎብኝ ሰው ለዕውርነት የዳረግሁ እኔ ነኝ። የበላ ሽማግሌ እንዴት ይፈርዳል? ከቁጣዬ ግማሹ ለራሴ ነው ልጄ።

በማግስቱ ደርቤ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርሁት። ሰማኝና፣ «ልትጠይቀኝ ስትመጣ ድምፅህ ለምን እንደሚያንስ አሁን ገባኝ» አለ። ደግሞም፣ «እኔስ የዘመነን ፊት ከማየት ተገላግያለሁ፤ የማዝነው ለአንተ ነው» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሁንም እኮ ይሸጣል። ሊማሊሞን የሚወርዱ ሾፌሮች ሳይቀሩ ከእሱ ነው የሚቀምሱት» አለኝ።

አክስትሽ በለጠች ጉንጭሽን ሳሚልኝ ብላለች፤ ጋቢሽን ፈትላ አሸምና ጨርሳለች፣ የሚያደርስ ሰው ነው የጠፋው። ወንድምሽ ወልደ ገብርኤል ከዳባት ሲመጣ ፎቶሽን ሳያይ አይሄድም፤ ሰላም ብሎሻል። የንስሐ አባታችን አባ ተክለ ማርያምም ይባርኩሻል። «ዝክሩን በእኔ ቤት አውጣው፣ የልጅቱም የክርስትና ስም ይጠራል» ብለውኛል።

ዛሬ ጠዋት ደርቤን ክንዱን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ዘመነ ከሱቁ በር ቆሞ ስናልፍ ያየን ነበር። በጓዳው ያየሁትን፣ ዝም ማለቴንም ጭምር፣ ለመርማሪው ቃሌን ሰጥቼ ፈረምሁ።

አባትሽ ክንዴ
ደባርቅ፣ ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም.