በዘይት ቀለም ስለታፈነው የቃጫ ግድግዳችን

ለተከበሩ ርዕሰ መምህራችን፦

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን፣ የጉልበትዎን፣ በተለይም የጆሮዎን ደህንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለመለጠፍ የደፈርኩት፣ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምባል ነው።

እንደሚያውቁት የታናሽ ወንድሜ ክፍል ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ፣ መምህርቷ አንዴ የተናገሩትን ክፍሉ መላልሶ ይናገረዋል። ሰፈሩ ሁሉ «ራዳር» የሚለው ይኸው ወንድሜ የሚሰማው በመስሚያ መሣሪያ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ቃሉንም ማሚቶውንም እኩል ያጎላበታል። ለዚህም ነው እኔና ጓደኞቼ ፍራሽ ሠሪው አጎታችን የሰጡንን ትርፍራፊ ቃጫ አፍታተን፣ በእንጨት ፍሬም ሞልተን፣ በሳሳ ጆንያ ሸፍነን ግድግዳው ላይ የሰቀልነው። ክፍሉ አደብ ገዛ። ራዳርም ሳይጠሩት እጁን አወጣ።

ከዚያ ወዲህ ለዋሉልን ውለታ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው፦

፩. እንግዶች ሊመጡ ሲሉ ሥራችንን «የአይጥ ጎጆ» ብለው ሰይመው፣ በሚያብረቀርቅ ቢጫ የዘይት ቀለም ደራርበው ስላስቀቡልን እናመሰግናለን። ድምፅ የሚደክመው በቃጫው ክሮች መካከል ገብቶ ሲንከራተት ነበር፤ አሁን ግን ቢሮዎ እንደምንመጣው እንግዶች በር ተዘግቶበት ይመለሳል።

፪. ይህንኑ በትሕትና ላስረዳ ስሞክር፣ ቃጫ ለገመድ እንጂ ለግድግዳ እንዳልተፈጠረ፣ እርስዎም በልጅነትዎ ዛፍ ሥር ተምረው ለዚህ እንደበቁ ስለመከሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዛፍ ሥር ማሚቶ የለምና፣ ከእኛ በተሻለ ክፍል ስለተማሩ እንኳን ደስ አለዎት።

፫. በዚያው ክፍል ለእንግዶቹ ያደረጉትን ረጅም ንግግር ግድግዳው ቃል በቃል ደግሞልዎታል። ንግግርዎን ማንም ሳያስገድደው የደገመ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። እንግዶቹም አንዲት ቃል ሳይለዩ በጨዋነት ራሳቸውን ሲነቀንቁ አምሽተዋል ማለት ይቻላል።

ቀልዱ እዚህ ላይ ያበቃል። ሐሙስ ራዳር በዚያ ክፍል የማዳመጥ ፈተና አለበት፤ ከወደቀም ትምህርት ቤቱ ከእንግዲህ እንደማይቀበለው ለእናታችን የነገሯት እርስዎ ነዎት። እናታችን ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አይወርድላትም። አዲስ ቃጫ አፍታተን ጨርሰናል፤ የሚያስፈልገን ረቡዕ ከሰዓት የክፍሉ ቁልፍና መሰላሉ ብቻ ነው። ቀለም አንፈልግም፤ አደራ።

ቃልዎ ከአፍዎ ሲወጣ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ዘወትር የምትመኝልዎ፣
ታዛዥዎ የራዳር እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እንግዶቹ ሲያጨበጭቡ ወደ ምክትልዎ ዘንበል ብለው ስለ እንግዶቹ አንድ ነገር ተናግረው ነበር። በዚያ ጫጫታ ጆሮ ያለው ሁሉ አልሰማዎትም። ራዳር ግን ከኋላ ወንበር ሆኖ ከከንፈርዎ አንብቦ፣ አንዲት ቃል ሳያጎድል ነግሮኛል። ያሉት ነገር እስከ ረቡዕ ከሰዓት ከእኛ ቤት አይወጣም።