መስመሩን ያልተከተሉ ዓሦች

ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ደኅና ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ደኅና ነኝ እያልኩ ጻፍኩልሽ፤ ዛሬ ግን ሳልደብቅሽ ልጻፍ።

ላቦራቶሪ ገባሁ ስልሽ፣ ለዓሣ መነጽር ልታዝለት ነው ወይ ብለሽ የሳቅሽብኝ ትዝ ይልሻል? ሥራዬ ከዚያ ብዙም አይርቅም። የጥፍር ቁራጭ የምታህል ዓሣ ውኃ ባለበት ሳህን ውስጥ አስቀምጣለሁ። ጥቁርና ነጭ መስመር የተሳለበት ወረቀት ዙሪያዋን ይሽከረከራል። የምታይ ከሆነች ዓይኗ መስመሩን ይከተላል፤ የማታይ ከሆነች ዝም ይላል። እኔ በማይክሮስኮፕ አይቼ «ታያለች»፣ «አታይም» እያልኩ እመዘግባለሁ።

ባለፈው ሳምንት አርባ ዓሦች ፈትሼ ሁሉንም «አታይም» ብዬ መዘገብኩ። አለቃዬ መዝገቡን አይታ፣ እነዚህ እኮ ለማነጻጸሪያ የተቀመጡት ጤነኞቹ ናቸው አለችኝ። አምፖሉን ወቀስኩ፤ ለወጥኩት። የማይክሮስኮፑን መስታወት ደጋግሜ ጠረግሁ። እሷ ጎንበስ ብላ አየችና ሁሉም ያያሉ አለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ደክሞህ ይሆናል አለችኝ በለሰለሰ ድምፅ። ከሐኪም ወረቀት ሳላመጣ እንዳልመለስም ነገረችኝ። እማማ ብትኖር፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ትለኝ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ አባባ ከፊቴ አልጠፋ አለኝ። ዓይኑ መድከሙን ሊደብቀን በሳላችን እየለየ በስም ሲጠራን፣ እስከ በሩ እርምጃውን ሲቆጥር።

እታለም፣ ያን ቀን የአባባን ወንበር ከቦታው ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያያል ወይስ አያይም ብዬ ልፈትነው ነበር። ሲወድቅ በሩ ሥር ቆሜ አፌን በእጄ ይዤ ነበር። ወደ እኔ ዞሮ «ማነው?» አለ። አልመለስኩለትም። እማማ አንቺን ጠርጥራ ገረፈች፤ አንቺም ዝም አልሽ። ዳሌው ተሰብሮ አልጋ ላይ እንደዋለ ቀረ። አሁን ያን የዓሣ ሳህን ባሰብኩ ቁጥር «ማነው?» ሲል እሰማዋለሁ።

ሐኪሙ ጋ ብቻዬን መሄድ ፈራሁ። ይቅር ብትይኝም ባትይኝም ነይልኝ። ከምኖርበት ሕንፃ ዋና በር ደረጃው አሥራ አራት ነው፤ ከዚያ በስተግራ ሰባት እርምጃ። በሩን አልቆልፈውም። ስትገቢ ግን ድምፅሽን አሰሚኝ፤ ወንበሩንም ካለበት አታንሺብኝ።

የዓይንሽን ብርሃን ያቆይልኝ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ።

በአንቺ ጀርባ የተረፈው ታናሽ ወንድምሽ