እናትህ በቀዩ ሸለቆ ያሉኝ

ሚያዝያ 18 ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

ለረጅሙ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ? ያ ክሬን ላይ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ እንደማይስማማህ አውቃለሁ። እናትህ ደህና ናቸው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው እህትህ ደውላ ያለችህን ራሷ ስለነገረችኝ ነው። "ሚስትህ እማዬን ገደል ልትከታት ነበር" ብላሃለች። ገደል መግባታችን እውነት ነው። እዚያ የሆነውን ግን እሷ አላየችም፤ ከእኔ ስማው። ስልኬን ውሃ ወስዶታል። ባይወስደውም በስልክ አልነግርህም ነበር፤ ድምፅህን ስሰማ የምለው ይጠፋኛል።

እናትህ አሁን መስኮቱ ሥር፣ ግራ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። ቁርጭምጭሚታቸው ወለም አለ እንጂ አልተሰበረም። እኔ በምሠራበት ሆስፒታል የአጥንት ክፍል ራጅ ተነስተው ሐኪሙ አይቶታል። ዛሬ ጠዋት ዳቦው ደረቀ ብለው ተቆጥተውኛል፤ ቁጣቸው ከተመለሰ ጤናቸውም ተመልሷል ማለት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ። ባለፈው ወር እህትህ መጥታ ነበር። እናትህ ጎረቤት ሄደው ስለነበር ኩሽና ገባችና ማቀዝቀዣውን ተደግፋ ቆማ፣ አንተ እዚያ በሄድክበት ሌላ ትዳር መመሥረትህን ነገረችኝ። በዚህ ወር መጨረሻ መጥተህ እናትህን ወደ እሷ ቤት እንደምታዛውር፣ የእኔንና የአንተንም ጉዳይ በወጉ እንደምትጨርስ ጨመረችልኝ። ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ ማጠቤን ቀጠልኩ።

"አንቺም ገና ነሽ" አለችኝ። "እስከ መቼ የሰው እናት ትጦሪያለሽ?"

በክፋት አልተናገረችውም። "ለእማማ ማን ይንገራቸው?" ብላት፣ "አንቺ ብትነግሪያት ይሻላል፣ አንቺን ትሰማሻለች" ብላኝ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። የእናንተ ቤት ሰው ከባዱን ለሌላ ማሸከም ያውቅበታል። ይህን ልሰርዘው ነበር፤ ግን ይቀመጥ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ምላሴ ጫፍ እየደረሰ ይመለስ ጀመር። ጠዋት ሻይ ስቀዳላቸው ልናገር እልና እሳቸው ቀድመው "ልጄ ደወለ?" ይሉኛል። "መስመሩ አስቸግሮት ይሆናል" እላለሁ። ማታ ጀርባቸውን ሳሽላቸው ልናገር እልና ያንቀላፋሉ። ሳልነግራቸው ድንገት በሩን ብታንኳኳስ? ሻንጣቸው መኪና ላይ ሲጫን ከጎረቤት እኩል ቢሰሙስ? ሥራ ቦታ አንዱን በሽተኛ ረስቼ ሁለቴ ሳገላብጥ አይታኝ አለቃዬ ነርሷ "ሂጂ ግፊትሽን ተለኪ" አለችኝ። ግፊቴ ደህና ነበር። የተነፋው ሆዴ ነው፣ ባልተናገርኩት።

እንዲህ ሳለሁ ነው እናትህ "ቀዩን ሸለቆ አሳዪኝ" ያሉት። ታውቀዋለህ፤ ወደ እህትህ ከተማ ሲኬድ መንገዱ ዳር ዳሩን ይዞ የሚያልፈው ነው። አባትህ የአውቶቡስ ሹፌር ሳሉ እናትህ ከኋላቸው ተቀምጠው "እስቲ አንዴ አቁምልኝ፣ ወርጄ ልየው" ይሏቸው ነበር አሉ። አባትህ "ስንመለስ" ይላሉ። ሲመለሱ ደግሞ ይጨልማል። "ስንመለስ፣ ስንመለስ እንዳለ እሱ ወደማይመለሱበት ሄደ" አሉኝ እናትህ እየሳቁ። እኔም በልቤ ጥሩ ቦታ ነው አልኩ። ሰው አይበዛበትም። ቢያለቅሱም ጎረቤት አይሰማቸውም። እዚያ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆርጬ ተነሳሁ።

የሸለቆው መግቢያ ላይ ፊሽካ በአንገቱ ያንጠለጠለ አንድ ሽማግሌ ጠባቂ አለ። "ውሃው ከደፈረሰ ወይም ፊሽካ ከሰማችሁ፣ ዕቃ አንሱ እንዳትሉ፤ ወደ ላይ ብቻ ውጡ" አለን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበርና እናትህ "በዚህ ፀሐይ?" አሉት።

"እዚህ መች ይዘንባል እማማ" አለ። "ተራራው ላይ ይዘንብና ውሃው ብቻ ነው ወደ እኛ የሚመጣው።"

ዐለቱን ፈልፍለው የሠሩት ደረጃ አለ። የእናትህን ክንድ ይዤ ቀስ እያልን ወረድን። ረጅሙ፣ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። የመንገዱ የመኪና ድምፅ ከላይ ቀረ። የእናትህ ትንፋሽና የእኔ ጫማ ብቻ ቀረ። ግድግዳው በግራም በቀኝም ቀጥ ብሎ ወጥቷል፤ ታችኛው እንደ ጉበት የጠቆረ ቀይ፣ መሐሉ እንደ ሸክላ ጡብ፣ ፀሐይ ያረፈበት ጫፉ ደግሞ ብርቱካንማ ነው። ንብርብሩን ሳየው እኛ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ታጥፎ የሚከመረው አንሶላ መሰለኝ። መሐል ለመሐል ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውሃ፣ ጠጠሩ አንድ በአንድ እየታየ፣ ያለ ድምፅ ይፈሳል። እናትህ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ቆዩ።

"ይሞቃል" አሉ። "የሰው ገላ ይመስላል።"

ሸለቆው የሚጠመዘዝበትን አልፈን አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ያን ያህል የሚያምር ቦታ ተቀምጬ እኔ የማየው ጉልበቴን ብቻ ነው።

"እማማ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ፈልጌ ነው" አልኩ።

"ዳቦውን አውጪው፣ ርቦኛል።"

አወጣሁ። ቆረሱ፤ ግን አልጎረሱትም። እንደገና "እማማ" ስል፣ "ያንን ወፍ እዪው፣ ጎጆውን የት እንደሠራ" አሉኝ። ቀና ብዬ አየሁ፤ ወፍ የለም፣ ጎጆም የለም። ወደ ፊታቸው ብዞር ከንፈራቸው እንደተሰፋ ጨርቅ ጥብቅ ብሏል። ለሦስተኛ ጊዜ አፌን ከፈትኩ።

ያን ጊዜ ነው ውሃውን ያየሁት። ጠጠሩ አይታይም። ውሃው ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። ወዲያው ከላይ በኩል እርጥብ አፈር የሚሸት ነፋስ መጣ፣ ቀጥሎ ከሩቅ ፊሽካ፤ አንዴ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ።

"ይነሱ" አልኳቸው። ተነሱ። የመጀመሪያውን እርምጃ ሲረግጡ ግራ እግራቸው ሁለት ድንጋይ መሐል ገብቶ ተጠማዘዘ። ውሃው ውስጥ ቁጭ አሉ። ላቆማቸው ብሞክር እግሩ እንቢ አለ። ደረጃው ከመጠምዘዣው ወዲያ ነው፤ እሳቸውን ይዤ እንደማልደርስበት ገባኝ። ከእኛ በላይ ግን፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳው እንደ መደርደሪያ የወጣ ዐለት አለ። እስከዚያ የሚያወጣው የተሰባበረ ድንጋይ ነው።

"ሂጂና ጠባቂውን ጥሪው" አሉኝ።

"እሱ እስኪመጣ ውሃው ይቀድመዋል።"

"አውቃለሁ። ሂጂ ነው የምልሽ።"

ብብታቸው ሥር ገብቼ ላነሳቸው ስል እጄን ገፉት። ከዚያ ተናገሩ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

"ልጄ ጥሎሽ ሄዷል። ሌላ ሚስት አለችው። አውቃለሁ። የእኔ ነገር አንቺን አይመለከትሽም፤ ለማን ብለሽ ነው እዚህ የምትሞቺው?"

ስንት ሌሊት አፌ ውስጥ ያሳደርኩት ነገር በእሳቸው አፍ ወጣ። ከመጠምዘዣው በላይ፣ የተጫነ መኪና ኮረኮንች ላይ ሲሄድ የሚመስል ድምፅ እየቀረበ ነው። ብቻዬን ብሮጥ ደረጃው ላይ እደርስ ነበር። አልዋሽህም፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል አስቤዋለሁ።

"ዝም በይና አንገቴን ያዢ" አልኳት።

አንቺ አልኳት፣ ረጅሙ። እናትህን። ካገባኸኝ ጀምሮ በሐሳቤ እንኳ ብያት አላውቅም። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሁለት እጇን አንገቴ ላይ ጠመጠመች። እኔ እንጀራዬ ሰው ማንሳት ነው፤ አልጋ ወደ ወንበር፣ ወንበር ወደ አልጋ። በጀርባዬ ድንጋይ ላይ ስወጣ ግን ያ ሁሉ ልምድ የት እንደገባ አላውቅም። ተንሸራተትኩ፤ ጉልበቴ ተላጠ። "ቀኝ እግርሽን እዚያች ስንጥቅ ውስጥ" ትለኛለች ከኋላዬ፣ አንተን ትምህርት ቤት ስታደርስ የነበራት ዓይነት ድምፅ ይመስለኛል፣ እርግጥ ያለ። ዐለቱ ጋ ስንደርስ በደረቷ ተሳበች፣ እኔ ከሥር ገፋኋት፤ ከዚያ እሷ በሸሚዜ ኮሌታ ጎተተችኝ።

እግሬን ሳነሳ ውሃው ደረሰ። ውሃ አይባልም። ግንድ፣ ሥሩ የተነቀለ ቁጥቋጦ፣ እርስ በርሱ የሚጋጭ ድንጋይ የተሸከመ ቀይ ጭቃ ነው። ተቀምጠንበት የነበረው ድንጋይ ዐይናችን እያየ ተዋጠ። ቦርሳዬም፣ ስልኬም፣ ዳቦውም ሄዱ። እየጨመረ መጣ። ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጥተን እግራችንን ሰበሰብን። ከዚያ በላይ መወጣጫ የለም። ጫማዬን ነካኝ። እጇን ይዣት ነበር ልልህ ነበር፤ ግን የያዘችኝ እሷ ናት። ጥፍሯ የገባበት እስካሁን አለ።

ጫማዬ ላይ ሲደርስ ቆመ። አልወጣም፣ አልወረደምም። እየተጠባበቅን እዚያው አወራን፣ ጆሮ ለጆሮ እየጮኽን።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?" አልኳት።

"አምና ስደውልለት ሴት አነሳችው። 'እማዬ' አለችኝ። ድምጿ ደግ ነው። ዘጋሁት።"

ትዝ አለኝ። ያን ቀን ስልኩን አስቀምጣ "ቁጥሩ ተሳስቷል" ብላኝ ገብታ ተኛች። ራስ ምታት ነው ብዬ ኪኒን ሰጥቻት ነበር።

"ታዲያ ጠዋት ጠዋት 'ልጄ ደወለ?' የምትይኝስ?"

"ያወቅሁ እንዳይመስልሽ ነዋ።"

"ለምን ደበቅሽኝ?"

አንድ ትልቅ ግንድ ከሥራችን ግድግዳውን መትቶ አለፈ፤ ዐለቱ ሲንቀጠቀጥ በመቀመጫችን ተሰማን።

"መጀመሪያ ለራሴ ፈርቼ ነው" አለች። "ብነግርሽ ትሄጃለሽ፤ ማን ይኖረኛል ብዬ። ኋላ ኋላ ደግሞ ስትስቂ አይሽና፣ ዛሬስ ይለፍላት እላለሁ።"

አንዱን ድስት ሁለታችን ስንከድነው ነው የከረምነው። እኔም ከእህትህ የሰማሁትን ነገርኳት። ሳቅ መጣብኝ፤ እሷም ሳቀች። ሞት እግራችን ሥር እየጮኸ እኛ እንደ ሰካራም እንስቃለን። ከዚያ የእሷ ሳቅ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ አቅፌያት ቆየሁ።

ውሃው መጉደል ሲጀምር "እማማ፣ እግርዎን በጣም ያምዎታል?" አልኳት። ዞር ብላ ከኋላዋ ሰው የምትፈልግ መሰለች።

"እርስዎ የምትዪው ማንን ነው?" አለችኝ። "ስትቆጪኝ አንቺ፣ ስትራሪልኝ እርስዎ ልሆን ነው?"

ስለዚህ ከላይ "አለች፣ ሳቀች" ያልኩህ ንቀት አይምሰልህ፤ ትእዛዝ ነው። ደብዳቤውን ስጀምር "ናቸው" ብዬ የጻፍኩት ከእጄ ልማድ ነው።

ጠባቂው ሁለት የመንገድ ሠራተኞች ይዞ በገመድ ወረደልን። የራሱን ካፖርት አልብሷት እየተቀባበሉ አወጧት። እላይ ስንደርስ እናትህ ወደ ታች ዞራ አየችና "አሁንስ አየሁት" አለች።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ ልምጣ። እህትህ ትናንት ልትወስዳት መኪና ይዛ መጥታ ነበር። እናትህ ከዚሁ ወንበር ሳትነሳ "ቤቴ እዚህ ነው። ልጄ ሊያየኝ ከፈለገ መንገዱን ያውቀዋል" አለቻት። እህትህ ወደ እኔ አየች። እኔ ደግሞ ፋሻውን እያጠበቅሁ ነበር፤ ቀና አላልኩም። ስለዚህ በወሩ መጨረሻ ና፣ ግን ሻንጣዋን ለመሸከም አትምጣ። የፍቺ ወረቀቱንም ይዘህ ና፤ እፈርማለሁ፤ በእሱ አላስቸግርህም። አልጋ ሳሎን አነጥፍልሃለሁ። ያቺም ሴት አብራህ ከመጣች ትግባ። እናትህ ድምጿ ደግ ነው ብላለች፤ እናትህ ደግሞ በድምፅ አትሳሳትም።

ቀኑን ብቻ አስቀድመህ አሳውቀን። ድንገት አትምጣብን።

እናትህ አሁን "ለማን ነው ይህን ያህል የምትጽፊው?" አለችኝ።

"ለልጅሽ" አልኳት።

"እንዳልተቀየምኩት ጻፊለት" አለች። ይኸው ጻፍኩልህ።

"አንቺስ?" አለችኝ።

ተነስቼ ትራሷን አስተካከልኩላት።

እዚያ ከፍታ ላይ ስትወጣና ስትወርድ የሚደግፍህ እጅ አትጣ። ነፋስ ሲበረታ አለቃህ ምንም ቢል ውረድ። የቤትህን ሰው ጤና ያድርግልህ፤ ሰላም ግባ፣ ሰላም ውጣ።

የእናትህ ልጅ