ጭስ የጠገበው ክዳን

ለልጅ ልጄ ለምሥራቅ፤

የኮምቦልቻ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔም፣ አያትሽ ገለቴም፣ በጋችንም በአምላክ ቸርነት ደህና ነን፤ ከሦስታችን መልክ የቀናው ግን በጉ ብቻ ነው።

ለገለቴ ሳል ብለሽ የላክሽው የእንጨት ምድጃ ደርሶ ቤታችን ሞቋል። መጀመሪያ ላይ የጭስ ማውጫ ቧንቧውን ወደ ውጭ አላወጣሁትም፤ የሣር ክዳን ጭስ ካልጠገበ ይበሰብሳል ብዬ ከጣሪያው ሥር ተውኩት። ገለቴ እኔን መስደብ ትጀምርና ሳሉ ያቋርጣታል። በጅምር የቀረ ስድብ ደግሞ ደስ አይልም፤ እንጀራው አልወርድ አለኝ። የግድግዳውን ድንጋይ ፈልቅቄ ቧንቧውን አወጣሁት።

ትናንት ታዲያ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ለሣር አዝነህ እኔን እንደ ቋንጣ ልታደርቀኝ ነበር?» አለችኝ።

«የደረቅሽው በጭሱ መስሎሽ ነው?» አልኳት።

ከዚያማ እስከ ዘር ማንዘሬ ወረደችብኝ፤ አንዴም ሳትስል ጨረሰችው። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ስድብ ከተጋባን ወዲህ አልሰማሁም።

ክዳኑ ይበስብስ፤ ሣር እንደሆነ ዳግም ይታጨዳል።

ገለቴ ሰላም ብላሻለች፤ ይህን ስጽፍ እንኳ እየሰደበችኝ ነው፣ ተመስገን። አንቺንም በደህና ያቆይልን።

አያትሽ ከፋለ