የአባባን አፈሙዝ ስወለውል

ለማትጠገቢው እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ? ያ ወገብሽ ተሻለው ወይስ እንደ ልማድሽ ደህና ነኝ እያልሽ ትሸነግይናለሽ? ባልሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ትንሿስ ጥርስ ወጣላት? እኔና እማዬ ከናፍቆትሽ በቀር በጤና አለን። ቤቱ ግን አባባ ከሄዱ ወዲህ ሰፍቶብናል። እስካሁን ሦስት ሳህን እናወጣና አንዱን መልሰን እናስቀምጣለን።

ዛሬ የምጽፍልሽ ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ ነገር አለ፤ አንብበሽ እስክትጨርሺ አትርገሚኝ።

የአባባን ጠመንጃ፣ ያንን ባለ ሁለት አፈሙዙን፣ እንሽጠው ተባብለን አልነበር? ባለፈው ወር ገዢ ተገኘ። ጡረታ የወጣ አናጺ ነው፤ ለወፍ አደን ፈልጎት፣ ተኩሼ ሳላይ ግን አልገዛም አለ። ከራሱ እርሻ ጀርባ ትልቅ ወረቀት ሰቅሎ ከሠላሳ እርምጃ ተኮሰ። ጥይቱ ውስጥ ካሉት የእርሳስ ፍሬዎች ግማሾቹ ወረቀቱን አልነኩትም፤ የነኩትም መሃሉን ባዶ ትተው ዳር ዳሩን ነው የበሱት። አናጺው ጠመንጃውን ከፍቶ በአፈሙዙ ወደ ሰማይ አየና፣ ይህ ነገር ከታጠበ ስንት ዓመቱ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ተቆጣሁ እንጂ! በየቅዳሜው በእጄ የምወለውለውን! ውስጡ እንደ መስታወት ያበራል አልኩት። እሱ ፈገግ ብሎ፣ የሚያበራው ዘይቱ ነው አለኝ።

ታስታውሻለሽ፣ አባባ ጣቶቻቸው ማበጥ ሲጀምሩ ሥራውን ለኔ ሰጡኝ። ሰባት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ ጥይት አለመኖሩን እይ፣ ቆሻሻ የሚያሟሟውን ፈሳሽ ቀብተህ ጠብቅ፣ በነሐስ ብሩሽ ፈትግ፣ ጨርቅ አሳልፍ፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ ካልወጣ እንደገና ጀምር፣ ዘይት መጨረሻ ላይ ነው ብለው አስተምረውኛል። ሁለት ወር ያህል እንዳሉኝ አደረግሁ። ከዚያ ሰነፍኩ። ዘይት የነካ ጨርቅ አንድ ጊዜ ሰድጄ አወጣና፣ ጨረስኩ አባባ ብዬ ወደ ጓደኞቼ እበር ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔስ ያፈሰስኩትን መልቀምም አልሆነልኝ።

አናጺው ፈሳሹንና ብሩሹን አዋሰኝ። አፈሙዙን ፈትቼ በረንዳ ላይ ቁጭ አልኩ። የመጀመሪያው ጨርቅ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ወጣ። ቀባሁ፣ ጠበቅሁ፣ ፈተግሁ። ከጥይቱ የቀለጠ ፕላስቲክ ከእርሳስ ጋር ተጣብቆ ኖሯል፤ እንደ አሮጌ ቀለም እየተላጠ ወረደ። የባሰው ጫፉ ጋ፣ ፍሬዎቹ ተሰብስበው የሚወጡበት ጠባቡ ቦታ ላይ ነው። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ጨርቅ ሲያልቅብኝ የራሴን ካናቴራ ቀደድኩ። በሦስተኛው ቀን አናጺው ደግሞ ተኮሰ። ፍሬዎቹ ወረቀቱ መሃል ላይ፣ በአንድ ባርኔጣ ሊሸፈን በሚችል ቦታ ተሰብስበው ዐረፉ። እሱ እሰይ አለ። እኔ ግን ወረቀቱን ከተሰቀለበት አወረድኩ።

እታለም፣ የአባባ ዓይን ደህና ነበር። ያንን ሰብል አጥፊ ከርከሮ ሁለት ጊዜ የሳቱት ዓይናቸው ደክሞ አይደለም። የሚጠብቁት እርሻ ሠራተኛ በሙሉ አይስቴ እያለ የሚጠራቸው ሰው፣ አይስቴም ሳተ ተብሎ ሲሳቅባቸው፣ የእርሻው ጌታ የሃያ ዓመት ዘበኝነታቸውን በአንድ ጠዋት ሲነጥቃቸው፣ ጥፋቱ የኔ ነበር። የዓይን ሐኪሙ እኮ ደህና ያያሉ ብሎን ነበር፤ ሊያጽናናን መስሎን አላመንነውም። ዓይናቸው ደክሟል ብለን ስንጽፍልሽ አንቺም ያንን መነጽር ላክሽ፣ አባባ ከእንግዲህ ይረፉ ብለሽ ጻፍሽላቸው። እንዳይከፋሽ ብለው፣ ደረጃ ላይ እያደናቀፋቸው፣ እስከ መጨረሻው ቀን አደረጉት።

ለእማዬ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም፣ አባትህ ጠርጥረው ነበር አለችኝ። ጨርቁ እንዴት ቶሎ ቶሎ እንደሚወጣ ያዩ ነበርና። ለምን አይነግሩትም ብትላቸው፣ ተይው፣ ልጁ አጠገቤ የሚቀመጠው ለዚያች ለቅዳሜዋ ደቂቃ ነው፣ ከነዘነዝኩት እሷም ትቀርብኛለች አሏት። ከሥራ ሲያባርሯቸውም ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም አሉ። እኔ እኮ፣ እታለም፣ የምሮጠው ያቺኑ ደቂቃ ለማሳጠር ነበር።

ጠመንጃውን አልሸጥኩትም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። አናጺውም ፊቴን አይቶ መልሶ አልጠየቀኝም። አሁን በየቅዳሜው ከአባባ ወንበር አጠገብ አንድ ሰዓት ሙሉ እቀመጣለሁ። የሚተኩስበት ስለሌለ ጨርቁ ነጭ ሆኖ ይገባል፣ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ግን መሃሉ የተበሳውን ወረቀት አጥፌ ላንቺ ልኬዋለሁ። መነጽሩን ስለላክሽ ራስሽን አትውቀሺ፤ የዋሸንሽ እኛ ነን።

ባልሽን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትንሿን፣ ጥርስ ከወጣላት፣ ያቺን አዲስ ጥርሷን ሳሚልኝ፤ እንዳትነክስሽ ብቻ። እማዬ ዓይንሽን ሳላይ አልሞትም ትልሻለች። ትልቁን ልጅሽን ደግሞ፣ አባቱ አጠገብ ሲቀመጥ ቶሎ እንዳይነሳ አደራ በይልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከአባባ በረንዳ፣ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን